«የተከለከሉ ቃላት ዝርዝር ላውጣ ወይ?» ለአንዲት አድሚን የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂያችን የምትኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጓደኞቿ የሚገናኙበት የቴሌግራም ግሩፕ አድሚን ናት። አባላቱ አዲስ አበባ፣ መቀሌ፣ ባሕር ዳር፣ አዳማ፣ ዱባይና ፍራንክፈርት ተበትነዋል። ግሩፑ የተከፈተው ለሰርግ፣ ለለቅሶና ለመዋጮ ነበር። ፖለቲካ ከገባበት ወዲህ ግን መሰዳደቢያ ሆነ። «ፖለቲካ ክልክል ነው» ብላ ለጥፋ ነበር፤ የሰማት የለም። «አሁን የተከለከሉ ቃላት ዝርዝር አውጥቼ ፒን ላደርግ ነው። ከእነሱ አንዱን የጻፈ ይባረራል። የትኞቹን ላስገባ? ደግሞስ ሰው ሲሳደብ አድሚኗ እኔ በሕግ እጠየቃለሁ ወይ? ታናሽዎ ነኝና አንቺ ይበሉኝ» ትላለች።

እሺ እህቴ፣ አንቺ ልበልሽ። ሥራዬ ቋንቋና ኮሙኒኬሽን ማስተማር ነው። በተለይ ሰው ስልኩ ላይ የሚጽፈውን አማርኛ ሳነብ ነው የምውለው። ስለዚህ ከቋንቋው በኩል ልጀምርና ወደ ሕጉ በኋላ እመጣለሁ።

ዝርዝሩን አታውጪ። ብታወጪውም አይሠራልሽም።

መጀመሪያ ቀላሉን ምክንያት ልንገርሽ። «ፀረ-ሕዝብ» የሚለውን ከለከልሽ እንበል፤ ማጣሪያ ቦትም አስገባሽ። አንዱ በፀሐዩ ፀ ይጽፈዋል፣ ሌላው በጸሎቱ ጸ። «ሕ»ን አንዱ በሐመሩ ሐ፣ ሌላው በሀሌታው ሀ፣ ሦስተኛው በብዙኃኑ ኀ ይጽፋታል። ማንም ምንም ለመደበቅ ሳያስብ አንዷ ቃል ስድስት መልክ አወጣች። ጭረቷን የሚተው አለ፣ ሁለቱን አጋጥሞ የሚጽፍ አለ። ከዚያ «ለፀረ-ሕዝቦቹ»፣ «በፀረ-ሕዝብነታቸው» እያለ ከፊትም ከኋላም ይቀጠልበታል። በላቲን ፊደል አማርኛ የሚጽፈውን ወገናችንን ገና አልቆጠርኩትም።  ደግሞ ቃሉ ሲከለከል ሰው ሌላ ይፈጥራል። «እነዚያ የምታውቋቸው» ብሎ ይጽፍልሻል። ምን ልታደርጊ ነው? «የምታውቋቸው» የሚለውን ልትከለክይ?

የፊደሉ ጣጣ ግን ትንሹ ነው። ትልቁ ነገር፣ በፖለቲካችን ሰው ያስገደሉት ቃላት ብዙዎቹ ስድብ አይመስሉም።

1968ን እና 1969ን አስቢ። በዚያ ዘመን ክርክሩ በጋዜጣም በበራሪ ወረቀትም ነበር። ኢሕአፓ ደርግን «ፋሽስት» አለ። ደርግ ኢሕአፓን «አናርኪስት» አለ። «አድሃሪ»፣ «በራዥ»፣ «ቡርዣ»፣ «ሰርጎ ገብ» የሚሉትም ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ የመንደር ስድብ የሚባል አንድም የለም። አብዛኞቹ ከመጽሐፍ የተቀዱ፣ የተማረ ሰው ቃላት ናቸው። «አናርኪስት» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ስንቱ ቀበሌ ጠባቂ ያውቅ ነበር? ቀይ ሽብር ሲመጣ ግን አንድ ልጅ አናርኪስት ከተባለ ለመግደል ሌላ ማስረጃ የሚጠይቅ ጠፋ። ያኔ የቃል ዝርዝር ብታወጪ ኖሮ የምታስገቢው የሰካራም ስድብን ነበር። ገዳዩ ቃል በዝርዝርሽ ላይ አይኖርም።

የቅርቡን ልጨምርልሽ። ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ የሚያስተምሩ የትግራይ ተወላጅ ነበሩ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ በጦርነቱ መካከል፣ በቤታቸው ደጃፍ ላይ ተገደሉ። ልጃቸው ከአንድ ዓመት በኋላ ናይሮቢ ላይ በፌስቡክ ባለቤት በሜታ ላይ ክስ መሠረተ። በክሱ እንደተገለጸው ከግድያው በፊት ስማቸው፣ ፎቷቸውና የሚኖሩበት ሰፈር በፌስቡክ ተለጥፎ ነበር። «ይወገድልን» ብሎ ቢያመለክትም የሰማው አልነበረም። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2025 እ.ኤ.አ. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል። አሁን አንድ ነገር ልብ በይ። «እከሌ የሚባለው ሰውዬ እዚህ ሰፈር ነው የሚኖረው» የሚል ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንዲት የምትከለክያት ቃል የለችም። ፍጹም ጨዋ አማርኛ ነው። ግሩፕሽ ውስጥ ከታየ ግን ሳታመነቺ፣ ማንንም ሳታማክሪ ወዲያው የምታጠፊው እሱን ነው። ከስድብ ሁሉ በፊት።

ታዲያ ቃሉን ካልሆነ ምኑን ልይ ትዪኛለሽ። ንግግሩ የሚሄደው ወደ ማን ነው፣ ምን እንዲደረግበትስ ይፈልጋል፣ እሱን እዪ።

በምሳሌ ላሳይሽ። በየግሩፑ የማየውን ዓይነት ክርክር አሳጥሬ እጽፈዋለሁ። ርዕሱ ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲተመን የተወሰነው ውሳኔ ነው። ከ58 ብር በታች የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ሲያልፍ የማይከራከር አልነበረም።

አንደኛው፦ «ይሄ ውሳኔ ድሃውን ነው የገደለው። ዘይት የሚገዛ ሰው ጠፋ።»

ሁለተኛው፦ «ጥቁር ገበያው ቀድሞ እዚያ ደርሶ ነበር እኮ።»

አንደኛው፦ «የማይረባ ክርክር ነው። ደመወዙስ እዚያ ደርሶ ነበር?»

ሁለተኛው፦ «ኢኮኖሚ ሳታውቅ አትቀባጥር።»

አንደኛው፦ «አንተማ ምን አለብህ፣ ዶላር ታፍሳለህ።»

ሁለተኛው፦ «እናንተ ድሮም ማልቀስ ነው ሥራችሁ።»

ሦስተኛው፦ «እናንተ ስትል እነማን?»

ሁለተኛው፦ «ራሳቸው ያውቁታል።»

አብዛኛው አድሚን «አትቀባጥር» ላይ ዘሎ ይገባል። ቃሏ ሻካራ ስለሆነች ጆሮ ትይዛለች። እኔ ብሆን እሷን አልፋታለሁ። ሰውየው ጓደኛውን ነው የተናገረው፤ ጓደኛው ደግሞ ራሱን ችሎ መመለስ ይችላል፣ መለሰም። «የማይረባ ክርክር» ደግሞ ጭራሽ ስድብ አይደለም፤ የተመታው ክርክሩ ነው። «ዶላር ታፍሳለህ» ወደ ሰውየው ኑሮ ስለዞረ እየከፋ መሄዱን ያሳያል። መግቢያሽ ግን «እናንተ» ላይ ነው።

ምክንያቱም እዚያ ላይ አንድ ሰው መናገሩ ቀርቶ አንድ ወገን ተከሳሽ ሆነ። ዘይት ተወደደ ያለው ልጅ ስለ ዘይት መልስ አላገኘም። እሱ ስለማን እንደሚያለቅስ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ ተነገረው። ከዚያ በኋላ ግሩፑ ውስጥ ዝም ብለው ሲያነቡ የነበሩት ሰዎች ሁሉ፣ የዚያ ወገን የሆኑት በሙሉ፣ ተሰደቡ። ሁለት ሰው የጀመረው ክርክር ወደ ሃያ ሰው ያደገው በዚህች በአንዷ መስመር ነው። «ራሳቸው ያውቁታል» ደግሞ ይብሳል። የሚይዙት ነገር የለውም፤ ሁሉም የገዛ ቁስሉን ያስገባበታል።

ሦስተኛውን ልጅ አየሽው? «እናንተ ስትል እነማን?» ብሎ ጠየቀ። ከአድሚን የሚጠበቀው በትክክል ይሄ ነው። ማባረር የለም፣ ስብከት የለም፣ «እባካችሁ እንከባበር» የለም። አንዲት ጥያቄ ብቻ። የሚገርመው፣ ከሚጠየቁት ብዙዎቹ ስሙን ደፍረው አይጠሩትም። ያፈገፍጋሉ። ደፍሮ የጠራውን ደግሞ ቢያንስ ምን እንዳለ በግልጽ ታውቂያለሽ፤ ውሳኔሽም ቀላል ይሆናል።

ከ«እናንተ» ቀጥሎ የሚመጣው እንስሳና በሽታ ነው። ሕዝብን በነፍሳት፣ በአውሬ፣ በነቀርሳ፣ በአረም መመሰል ሲጀመር ክርክሩ አልቋል። የሩዋንዳው አርቲኤልኤም ሬዲዮ በ1993 እ.ኤ.አ. ሥርጭት ሲጀምር ሙዚቃና ቀልድ የሚያበዛ፣ ወጣቱ የሚወደው ጣቢያ ነበር። ቱትሲዎችን «በረሮ» ማለት የተለመደ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት የሆነውን ሁሉም ያውቃል። ዓለም አቀፉ የሩዋንዳ የወንጀል ችሎት በ2003 እ.ኤ.አ. ሁለቱን የጣቢያውን መሥራቾችና አንድ የጋዜጣ አዘጋጅ ጥፋተኛ ብሏቸዋል። አረም ይነቀላል፣ ነቀርሳ ተቆርጦ ይጣላል። ምሳሌው ራሱ ምን መደረግ እንዳለበት ይናገራል፤ ተናጋሪው «እኔ ግደሉ አላልኩም» ቢል ምን ዋጋ አለው? በዚህ ላይ ማስጠንቀቂያም አያስፈልግም። መልእክቱን አጥፊው፤ ለጻፈው ሰው በግል ለምን እንዳጠፋሽው ንገሪው፤ ከደገመ አስወጪው።

ሱዛን ቤነሽ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እንዲህ ያለውን ንግግር «አደገኛ ንግግር» ትለዋለች። ቃሉን ለብቻው አትመዝንም። ማን ተናገረው፣ ለማን ተናገረ፣ ምን አለ፣ በምን ጊዜ፣ በየት በኩል ብላ ትጠይቃለች። ያው ቃል ከአንድ ብሽቅ ጎረምሳና ከተከበረ ሽማግሌ አፍ ሲወጣ አንድ አይደለም። ከግሩፕሽ አባላት መካከል ሁሉም የሚሰማው፣ «እሱ ካለማ» የሚባልለት ሰው ካለ ከሌላው ይልቅ የእሱን አነጋገር ተከታተዪ።

ይህን ሁሉ ስልሽ ደግሞ እንዳትደነግጪ። ጭቅጭቅ ሁሉ ጥላቻ አይደለም። የኦክስፎርድና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2007ቱ ምርጫ ዙሪያ ኢትዮጵያውያን በፌስቡክ የጻፉትን አጥንተው ነበር፤ ጥናቱን «መቻቻል» ብለውታል። ከናሙናቸው ውስጥ የጥላቻ ንግግር ሆኖ የተገኘው ከ1 በመቶ በታች ነው። ጥናቱ ከጦርነቱ በፊት ስለሆነ ቁጥሩን ለዛሬ አልወስደውም። ግን አንድ ነገር ያሳያል። የሚጮህ ሰው ሁሉ ጠላት አይደለም፤ ብዙው ተናዶ የሚጽፍ ሰው ነው።

አሁን አድሚኖች ብዙ ጊዜ የሚበድሉበት ነገር ላይ ልቆይ። በእኔ ግምት የግሩፖች ትልቁ በሽታ ከስድብ ይልቅ ይሄ ነው።

«ቋንቋችሁን አስተካክሉ» የሚለው ደንብ ከሁሉ ቀድሞ የሚመታው የተጎዳውን ሰው ነው። ወንድሙ የሞተበት፣ ቤቱ የተቃጠለበት፣ ቤተሰቡን ለወራት በስልክ ያጣ ሰው ቃል መርጦ አይጽፍም። ይራገማል። «እግዚአብሔር ይንቀላችሁ» ይላል። በሌላ በኩል ያልተነካው ሰው ተረጋግቶ፣ ነጠላ ሰረዙን ሳይረሳ፣ «በበኩሌ የተባለው ነገር በገለልተኛ አካል ያልተረጋገጠ ስለሆነ ወሬውን ከማራገብ ብንቆጠብ» ብሎ ይጽፋል። የአድሚን ዓይን የመጀመሪያውን ያባርራል፣ ሁለተኛውን «ሰከን ያለ ሰው» ይላል። ሁለተኛው ግን የወንድሙን ለቅሶ ለተቀመጠ ሰው «ወንድምህ መሞቱን አረጋግጥልኝ» እያለው ነው። በእኛ አገር ለቅሶ ቤት ገብቶ እንዲህ የሚል ሰው ምን እንደሚገጥመው ታውቂያለሽ።

ስለዚህ ግሩፕሽ ውስጥ ሌላ ደንብ ባይኖር እንኳ አንድ ይኑር። አባል የሆነ ሰው ሞት ካነሳ፣ በየትኛውም በኩል ይሁን፣ መጀመሪያ «ነፍስ ይማር»፣ «እግዚአብሔር ያጥናህ»፣ «አላህ ይዘንለት» ይባላል። የዚያን ቀን ክርክር የለም። ማን ገደለው፣ ለምን ተገደለ፣ ቁጥሩ ስንት ነው የሚለው ነገ ይደርሳል። ግሩፑ የተከፈተውም ለሰርግና ለለቅሶ አይደል? ለቅሶ ላይ እንዴት መሆን እንዳለበት ሁሉም አባል ከቤቱ ያውቀዋል። አንቺ የምታስተምሪው አዲስ ነገር የለም፤ የምታውቁትን እዚህም እናድርገው ነው የምትዪው።

ከዚያ ውጪ ልቀቂያቸው። ባለሥልጣን ይተች፤ ፓርቲም፣ መሪም፣ ጄኔራልም፣ አክቲቪስትም። ይቀለድባቸው። ሽሙጥ ያለ፣ የነበረ፣ የሚኖር ነው፤ ሰምና ወርቅ የወለደ ቋንቋ ውስጥ አግቦ ክልክል ነው ብትዪ ማን ይሰማሻል? «ውሸት ነው»፣ «ቀሽም ሐሳብ ነው»፣ «ይሄ ሰውዬ አገር አጠፋ» ይባል። ጆሮን የሚጎረብጥ ነገር ሁሉ ከተጠረገ የሚቀረው የመልካም በዓል ፎቶና የአበባ ስቲከር ነው። የሚከራከሩት ሰዎች ደግሞ ዝም አይሉም፤ የየራሳቸውን ግሩፕ ከፍተው እርስ በርስ ብቻ ያወራሉ። እሱ የባሰ ነው። በእኔ አስተያየት የተለያየ ሐሳብ ያላቸው የድሮ ጓደኞች አሁንም አንድ ቦታ መጨቃጨቃቸው በራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ «ፖለቲካ ክልክል» ያልሽውን ያልወደድኩልሽም ለዚህ ነው። ደግሞስ የዘይት ዋጋ ፖለቲካ ነው ወይስ አይደለም? የፈተና ውጤት? የመንገድ መዘጋት? ለሰርግ እንዴት እንደሚኬድ ስትነጋገሩ እንኳ ፖለቲካ ይገባል።

አንተና አንቱን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። ግሩፑ ውስጥ የድሮ አስተማሪ ወይም ታላቅ ሰው ካለ፣ ሰው ሲናደድ ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» ይወርዳል። ለውጭ ሰው ምንም አይመስልም፤ ለእኛ ግን ከጥፊ አይተናነስም። ያን ጊዜ የጻፈውን ሰው በግል «አንቱታውን መልስና የፈለግኸውን ተከራከር» በዪው። አብዛኛው ሰው እሺ ይላል። አንቱታው ከተመለሰ በኋላ ዓረፍተ ነገሩም ረገብ ይላል፤ በአንቱታ ለመሳደብ ልዩ ችሎታ ይጠይቃል።

ስለ ክርክሩ አካሄድ ደግሞ ከራሳችን ቤት የምንበደረው አለ። በድሮው የ«በላ ልበልሃ» ሙግት ላይ ተከራካሪዎቹ ዝም ያሉ ጨዋዎች አልነበሩም። ይጮሃሉ፣ ነጠላቸውን ያጣፋሉ፣ እጃቸውን ያወናጭፋሉ፣ በግጥም ይዘላለፋሉ፣ በማርና በበቅሎ ይወራረዳሉ። ግን ሥርዓት ነበረው። አንዱ «ተጠየቅ» ይላል። ሌላው «ልጠየቅ» ይላል። ከዚያ ጥያቄው ይመጣል፤ የተጠየቀው ሰው የተጠየቀውን ይመልሳል። ጥያቄውን ዘሎ ወደ ሌላ ወሬ የሄደ ሰው በዳኛውም በታዳሚውም ፊት ይረታል። ኃይለ ቃል ተፈቅዶ መሸሽ የተከለከለበት ሥርዓት ነው።

የዛሬው የግሩፕ ክርክር ግልባጩ ነው። ሰው ይጠየቃል፣ አይመልስም፣ የዩቲዩብ ሊንክ ይለጥፋል። ሌላው በሌላ ሊንክ ይመልሳል። አንድ ሰዓት የሚፈጅ ቪዲዮ ማን ሊያየው ነው? እኔ ብሆን ሊንክ ብቻውን መለጠፍን እከለክላለሁ። ሊንክ ያመጣ ሰው «በዚህ ውስጥ እንዲህ ይላል፣ እኔም የምለው ይህን ነው» ብሎ በራሱ ቃል ሁለት መስመር ይጻፍ። ፎርዋርድ የተደረገ ነገርም እንደዚያው። ይህች ብቻዋን ግማሹን እሳት ታጠፋለች፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው በራሱ ስም የማይጽፈውን ነገር ነው ፎርዋርድ የሚያደርገው። የተጠየቀም ይመልስ፣ ወይም «አላውቅም» ይበል። ሁለት ሰዎች ሲበጣበጡ ከገባሽ «እከሌ የጠየቀህ ይህን ነው፤ ልጠየቅ በልና መልስለት» በያቸው። ይስቃሉ። ሳቅ ደግሞ ከማባረር ይሻላል።

ወደ ሕጉ ልለፍ። ዝርዝሩን ጠበቃ ይንገርሽ፤ እኔ ማንም አባል ሊያውቀው የሚገባውን ያህል እላለሁ።

አገር ቤት ያሉ አባላትሽን የሚመለከተው የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ነው። የጥላቻ ንግግር የሚለው በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ፣ ሆነ ብሎ በሰው ወይም በቡድን ላይ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያራምድ ንግግር ነው። ልብ በዪ፤ አዋጁም የቃል ዝርዝር የለውም። እሱም የሚያየው አቅጣጫውን ነው። ቅጣቱ እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከተፈጸመ እስራቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይሆናል። ለትምህርትና ለምርምር፣ ለዜና፣ ለፖለቲካ ትችት፣ ለኪነ ጥበብና ለሃይማኖት ትምህርት የተተወ ቦታም አለ። ማሰራጨት ማለት ለብዙ ሰው ማዳረስ ነው፤ ላይክ ማድረግና ታግ ማድረግ በግልጽ ተለይተው ወጥተዋል። ፎርዋርድ ማድረግ ግን ለብዙ ሰው ማዳረስ ካልሆነ ምን ሊባል ነው? እኔ በግሌ፣ ይህ አዋጅ ሰፊ በመሆኑ በሥልጣን ላይ ያለ ሁሉ እንደፈለገ ሊስበው ይችላል የሚሉት ተቺዎች ስጋታቸው ይገባኛል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ መብትን ያረጋግጣል፤ በዚያው አንቀጽ ውስጥ ደግሞ የሰው ክብርና መልካም ስም፣ የጦርነት ቅስቀሳም ገደብ ሆነው ተቀምጠዋል። ክርክሩ አላለቀም።

አዋጁ የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎችን እንዲህ ያለ ነገር ሲነገራቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱት ይጠይቃል። የግሩፕ አድሚንን በስም ጠርቶ የሚጠይቅ ነገር አላየሁበትም። ይህ ግን ለማንም ዋስትና አይደለም። ራስሽ ፒን ያደረግሽው፣ ራስሽ ፎርዋርድ ያደረግሽው የራስሽ ንግግር ነው። ተነግሮሽ ዝም ያልሽውም በሕግ ባያስጠይቅሽ እንኳ ከወዳጅ ያቆራርጥሻል።

አንቺ አሜሪካ ስለሆንሽ የምትጽፊው ነገር ሰፊ ጥበቃ አለው። ዱባይ ያለችው ጓደኛሽ ግን የላትም። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የ2021ዱ የሳይበር ወንጀል ሕግ መሠረት ሰውን በኢንተርኔት መሳደብ ራሱ ወንጀል ነው። እስራት አለበት፤ የገንዘብ ቅጣቱም ከ250,000 ድርሃም ይጀምራል። የሰው ቤት ሠርታ ደመወዟን ለእናቷ የምትልክ ልጅ በንዴት ለጻፈቻት አንዲት መስመር የሚከፈል ገንዘብ አይደለም። ፍራንክፈርት ያለውም ቢሆን፣ ጀርመን ውስጥ ስድብ በወንጀል ሕጉ ያስቀጣል። አንዳችሁ የምትቀልዱበት ነገር ሌላችሁን ሊያሳስር እንደሚችል ለሁሉም ንገሪ። ብዙዎቹ አያውቁም።

አሁን የምትሠሪውን ልንገርሽና ላብቃ። በቴሌግራም ስሎው ሞድ የሚባለውን ፈልጊው። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ከጻፈ በኋላ ቀጣዩን ለመጻፍ ከጥቂት ሴኮንድ እስከ 1 ሰዓት እንዲጠብቅ ያደርገዋል። ነገር ሲጦዝ 5 ደቂቃ ላይ አድርጊው። 5 ደቂቃ የጠበቀ ሰው ግማሹን አጥፍቶ ነው የሚልከው። ለፖለቲካ የራሱ ቶፒክ፣ ማለትም በግሩፑ ውስጥ የተለየ ክፍል፣ ክፈቺለት፤ የማይፈልግ አይገባበትም፣ የሰርግና የለቅሶ መልእክትም በጭቅጭቁ መሀል አይጠፋም። ከማስወጣትሽ በፊት ለአንድ ቀን እንዳይጽፍ ማድረግ ትችያለሽ። ሰውን በአደባባይ አትገሥጪ፤ በግል ደውይለት። ጽሑፍ ላይ አንበሳ የሆነ ሰው ድምፅሽን ሲሰማ ሌላ ሰው ነው።

ፒን ማድረግ ካማረሽ አጭር ይሁን፤ ረጅሙን የሚያነብ የለም። እኔ ብጽፈው እንዲህ እለዋለሁ፦ «ሐሳብን እንደፈለጋችሁ ምቱ። ባለሥልጣን ይተቻል። ‹እናንተ› ያለ ሰው እነማንን እንደሆነ ይጠየቃል። ሰውን በእንስሳና በበሽታ የመሰለ፣ የሰው አድራሻ የለጠፈ መልእክቱ ይጠፋል። ሊንክ ያመጣ በራሱ ቃል ያስረዳ። ሞት ሲነሳ ክርክር ይቆማል።»

የመጨረሻው ነገር ከሁሉ የሚከብደው ነው። ብቻሽን አድሚን አትሁኚ። ከአንቺ ጋር በፖለቲካ የማይስማማ፣ ግን ሰው የሚያከብረው አንድ የክፍላችሁን ልጅ ምረጪና አድሚን አድርጊው። መልእክት የሚጠፋው ሁለታችሁ ስትስማሙ ይሁን፤ አድራሻና የእንስሳ ምሳሌ ብቻ ያየው ሰው ወዲያው ያጥፋ። መጀመሪያ ላይ እሱ የሚተወውን አንቺ ማጥፋት ትፈልጊያለሽ፤ እሱም እንደዚሁ። በየመልእክቱ ስልክ ትደዋወላላችሁ፤ ትሰለቻላችሁም። ግን «አድሚኗ የእነሱ ወገን ናት» የሚለው ወሬ፣ አሁንም ከጀርባሽ ይወራ ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ የሚያምነው አይኖርም።